ደረጃ ሲወርድ እዩት

ካቶሊካ፣ ጣሊያን፣ መጋቢት አጋማሽ፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ

በአንድ ወቅት የቤቴ ሰው ለነበርከው፣

ይህን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግተህ አታንብበው። በሁለት እጅህ ይዘህ ከዓይንህ ትይዩ ከፍ አድርገው፤ ወደ ታች ስታቀረቅር መስመሩ እንደሚደራረብብህ አውቃለሁ። ፊደሌንም ሆን ብዬ አሳድጌዋለሁ። የአንደኛ ክፍል ተማሪ ደብተር ቢመስልህ አትሳቅብኝ።

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ራስ ምታቱ ተወህ ወይስ ዛሬም ከሰዓት በኋላ እየመጣ ያስተኛሃል? እናትህስ እንዴት ናቸው? ብርዱ ሲጠና ዳሌያቸው እንደሚብስባቸው ስለማውቅ ዘንድሮ በረዶ በወረደ ቁጥር አስባቸው ነበር። ሰላምታዬን አድርስልኝ ብልህ ደስ ባለኝ፤ ግን ደብዳቤ መጻፌን ባይሰሙ ይሻላል። ከሰሙ «መልስ ጻፍላት» እያሉ መግቢያ መውጫ ያሳጡሃል። እኔ መልስ አልጠይቅህም።

ስለ እኔ የጠየቅህ እንደሆነ ደህና ነኝ፤ ተመስገን። አሁንም ከዓሣ ሻጩ ሱቅ በላይ ባለችው ክፍል ነው የምኖረው። በብርዱ ወራት ይህች ከተማ ምን እንደምትመስል አንተ አታጣውም። ሆቴሎቹ መዝጊያቸውን ጥለው ይተኛሉ፤ አሸዋው ላይ አንድ ጃንጥላ አይታይም፤ ባሕሩ ብቻውን ሲያጉረመርም ይውላል። ከጠዋት እስከ ምሽት ዓሣ ሻጩን ብቻ ያናገርኩበት ቀን ብዙ ነው። እሱም ሰላም ከማለቱ በፊት «ዘንድሮ የሞተር እሽቅድምድሙን ዋንጫ ማን ይወስደዋል?» ነበር የሚለኝ። ከጥር ወዲህ ይህንንም ትቶታል። ዓሣዬን ጠቅልሎ ይሰጠኝና ፊቱን ያዞራል። ያንተ ደጋፊ ነው።

የምጽፍልህ ግን ብቸኝነቴን ላዋይህ አይደለም። አንድ ሽማግሌ እኔ ባደረግኩት ነገር ተወቅሰው፣ ጥፋቱን ተሸክመው ዝም ብለዋል። እኔም ሰባት ሳምንት ሙሉ ዝም አልኩ። ከእንግዲህ ግን አልችልም። ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገርህና የፈለግከውን ፍረድ።

ሄሬዝ፣ የዓመቱ የመጀመሪያ የሞተር ሙከራ ላይ፣ የመጀመሪያው ቀን ሙሉውን እንደዘነበ ታስታውሳለህ። የሙከራ ቀን ድሮም ጭር ያለ ነው፤ ሲዘንብበት ደግሞ ይብሳል። በውድድር ጊዜ ሰው እንደ ንብ የሚሰፍርበት የተመልካች መቀመጫ ባዶውን ዝናብ ሲጠጣ ዋለ። እናንተ ጋራዥ ውስጥ ተዘግታችሁ፣ እኛ ጋዜጠኞቹ ፎቅ ላይ ተሰብስበን፣ ዳቦ በአሳማ ሥጋ እየበላን ያችኑ የየዓመቱን ጨዋታ ይዘን ነበር፤ ማን ይወስደዋል?

የግምት ዝርዝሬን ለጋዜጣዬ ዘጠኝ ዓመት ጽፌዋለሁ። አምስት ስም በደረጃ፣ ከሄሬዝ ሙከራ ማግስት። ከዘጠኙ ዓመት በስድስቱ አሸናፊውን አግኝቻለሁ። የሬዲዮው ኤሎይ በዚህ እንደቀናብኝ ነው። የዚያን ቀን ጠዋትም ከወንበሩ ሳይነሳ «ጠንቋይዋ መጣች፣ ዶሮዋን አቅርቡላት» አለ። ቀጥሎም በጥር ሰዓት ዋንጫ የሚተነብይ ሰው በሰርግ ጭፈራ ትዳር እንደሚተነብይ ነው ሲል ተረተብኝ። ይሁን እንጂ ዘንድሮ የሚከራከር አልነበረም። እሱም ሌላውም የሚጠሩት አንተን ነበር። በጥቅምት ወድቀህ፣ ሰባት ቀን ራስህን ስተህ፣ በታኅሣሥ የሐኪም ምርመራ አልፈህ፣ በጥር ሞተር ላይ የወጣህ ሰው ነህ። «ሞት ያልቀደመውን ሰው ማን ይቀድመዋል?» አለ ኤሎይ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩና ከደብተሬ አናት ላይ ስምህን ጻፍኩ።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጋብ ሲል ወደ ቡድናችሁ ወረድኩ። የጭነት መኪናው በር ተከፈተና ብቅ አልክ። አራት የብረት ደረጃዎች ናቸው። ሌላ ጊዜ በአንድ ዝላይ ነበር የምትጨርሳቸው፤ በዚህ ስንት ጊዜ ተቆጥቼሃለሁ። ያን ቀን ግን መደገፊያውን በቀኝ እጅህ ጨብጠህ፣ ወንዝ እንደሚሻገር ሰው በእግርህ ጫፍ እየዳሰስክ፣ አንድ በአንድ ወረድክ። መሬት ስትደርስ ራስህን ወደ ግራ ትከሻህ ዘንበል አድርገህ አየኸኝና «ደህና ነሽ?» አልከኝ፤ ለማንኛዋም ጋዜጠኛ እንደምትለው። ደህና አልኩህ። አንገትህን ምን ነካው ብዬ ስጠይቅህ የሆቴል ትራስ ነው ብለህ አለፍክ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞተርህን የፈቱና የገጠሙት ኦሬስቴ ከኋላህ ነበሩ። እኔን ላለማየት ጓንታቸውን አውልቀው መልሰው አጠለቁ።

ያን ጊዜ ጠረጠርኩ። ግን ትራስ ነው ብለሃል፤ ትራስ ይሁን አልኩ። ሰው የማይፈልገውን ነገር ላለማወቅ ብዙ ይደክማል።

በማግስቱ ፀሐይ ወጣ። ከጓደኞቼ ተለይቼ ሄድኩና ከረጅሙ ቀጥታ መጨረሻ ያለው ጠባብ ኩርባ ጋ፣ ከአጥሩ ጀርባ ቆምኩ። ከእኔና ከአንድ ባንዲራ ያዥ በቀር እዚያ ማንም አልነበረም። ብቻህን ስትዞር እንደ ጥንትህ ነበርክ። ፍሬን የምትይዝበት ቦታ በጣት አይዛነፍም። እኩለ ቀን ላይ ከሁሉም በሁለት አሥረኛ ሰከንድ ፈጥነህ ስምህ ከውጤት ሰሌዳው አናት ወጣ። ከፊትህ ሌላ ሞተር ሲገባ ግን ሌላ ሰው ትሆናለህ። ትቆጠባለህ፤ ትጠብቃለህ። አንተ፣ መርፌ በማያሾልክ ቀዳዳ የምትገባው። ቆሜ ሳስበው ገባኝ። ትራኩን አሥራ ሰባት ዓመት ዞረኸዋል፤ ዓይንህን ጨፍነህም ታገኘዋለህ። ሰው ግን በቃል አይጠናም።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ኡናይ ከፊትህ ገባ። ያ የሃያ ሁለት ዓመት የስፔን የባስክ ልጅ፣ ዘንድሮ ከአንተ ቀጥሎ ስሙ የሚጠራው። ኩርባው ጋ ስትደርሱ እሱ ፍሬን ያዘ። አንተ አልያዝክም። ከፊትህ ሁለት ኡናይ እንደነበሩና የትኛው እውነተኛው እንደሆነ እንዳልለየህ ዛሬ አገር ያወቀው ነው፤ የዚያን ቀን ግን ያወቅኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። በስንዝር ርቀት በጎኑ አለፍክ። እሱ ጠጠሩ ውስጥ ገባ፤ ሞተሩ እንደ ደነበረ በቅሎ ወዲያና ወዲህ ጣለው፣ ግን አልወደቀም። ባንዲራ ያዡ «እመቤቴ» ብሎ አማተበ። እኔ አጥሩን ይዤ ቆየሁ። 

ጋራዥ ስደርስ ኡናይ ሄልሜቱን በክንዱ አንጠልጥሎ አንተ ዘንድ መጥቶ ነበር። «ጋሼ፣ ገና እኮ ጥር ነው። ቢያንስ እስከ የካቲት አቆየኝ እንጂ» አለህ። ሁሉም ሳቀ። አንተም ትከሻውን መታ መታ አድርገህ ሳቅክ። ያልሳቁት ኦሬስቴ ብቻ ናቸው። ሞተርህ ላይ አቀረቀሩ። ያን ጊዜ ነው ከመሪው መሐል ያለው ሰሌዳ፣ ፍጥነቱንና ማርሹን የምታይበት፣ አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ በሁለት ብረት ተደግፎ ያየሁት። ማቀርቀር እንዳይኖርብህ ነው የሠሩልህ።

ከጎማው ክምር ጀርባ ጠብቄ ያዝኳቸው።

«ኦሬስቴ፣ ሰሌዳውን ለምን አነሱት?»

«አንገቱን ያመዋል አልኩሽ።»

አላሉኝም ነበር። ቃሉ ከአፋቸው ሲወጣ ራሳቸውም ደነገጡ።  የተቀባባ እጃቸውን በጨርቅ ሲጠርጉ ቆዩ።

«ስንት ነው የሚያየው?» አልኳቸው።

«አንድ ዓመት ነው የሚፈልገው፣ ልጄ» አሉኝ። «አንዷን ዋንጫ ወስዶ ያቆማል። ለእናቱ ምሏል። አንቺ ስሙን ከላይ ጻፊው፣ እኔን አትጠይቂኝ።»

ኡናይስ አልኳቸው። እሳቸውም ልጁ ደህና ነው፣ አልነካውም አሉኝ። ለዛሬ አልነካውም አልኳቸው።  ጨርቁን ኪሳቸው ከተው ሲሄዱ ከኋላ ሳያቸው በአንድ ዓመት አሥር ዓመት ያረጁ መሰለኝ። ይህን የምጽፍልህ ኦሬስቴ እስከ መጨረሻው ምስጢርህን እንደጠበቁልህ እንድታውቅ ነው። እኔ በዓይኔ ያየሁትን እንኳ አንድ ጊዜ በአፋቸው «አዎ» አላሉኝም።

አለቃዬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደወለልኝ። «አንደኛ እሱን ነው አይደል? ፎቶውን አዘጋጅተናል» አለ። ጥቂት ጊዜ ስጠኝ አልኩት። ጋዜጠኞቹ አንድ በአንድ ወጥተው ክፍሉ ባዶ እስኪሆን ድረስ ስምህን ጽፌ አጠፋሁ፣ ጽፌ አጠፋሁ። በመጨረሻ አምስት ስም ላክሁ። ያንተ አልነበረበትም። ምክንያቱንም አልጻፍኩም፤ የሰው ገመና የጋዜጣ አይደለም። አለቃዬ መልሶ ደወለና «ምን ነካሽ? የግል ጉዳይ ነው እንዴ?» አለኝ። እንደፈለግክ ውሰደው አልኩት።

ጋዜጣው በወጣ ቀን የሆነውን ሰምተሃል። የዓሣ ሻጩ ሱቅ አጠገብ ያለው መጠጥ ቤት ገጹን በሩ ላይ ለጥፎት፣ ከሥሩ አንድ ሰው «ሴትዮዋ ፍቺዋን በጋዜጣ ጨረሰችው» ብሎ ጽፎበት ነበር። በየቀኑ በዚያ በር በኩል ነው የማልፈው። ስድቡን ሁሉ ብቀበለውም አንተም እንደዚያው አምነህ እንደሆነ ማሰቡ ግን ከበደኝ።

ዝርዝሩ ግን አንተን ከሞተር አያወርድህም። ይህን ሳውቅ ነው የባሰውን ያደረግኩት። ከሙከራው ማግስት ሲቪያ አውሮፕላን ማረፊያ የሻምፒዮናውን ሐኪም አገኘኋቸው። ብቻቸውን ተቀምጠው ኮምፒውተራቸው ላይ ይጽፋሉ። ሁለት ጊዜ አልፌያቸው ተመለስኩ። ሦስተኛው ላይ ቆምኩና አንድ ነገር ብቻ አልኳቸው፤ «ዶክተር፣ ደረጃ ሲወርድ እዩት።» የማን መሆኑን አልነገርኳቸውም። እሳቸውም አልጠየቁኝም። ኮምፒውተራቸውን ዘጉና ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ አውሮፕላኔ ተጠራ።

እንግዲህ እኔ ነኝ። ኦሬስቴ አይደሉም፣ ከቡድኑም ማንም አይደለም። እኔ ነኝ።

ፖርቱጋል፣ ፖርቲማው ላይ የሆነውን ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ከሁለተኛው ሙከራ በፊት ሐኪሙ ፎቅ ላይ ጠሩህ፤ ከዚያ አብረን እንውረድ አሉህ። ምድር ቤት ስትደርሱ እስክሪብቶ ከአገጭህ በታች ይዘው ስንት ነው አሉህ። አንድ ነው ለማለት ዘገየህ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ የዓመቱ የውድድር ፈቃድህ እንደተያዘ ተነገረ።

እኔ ከጋራዡ በር ሃያ እርምጃ ርቄ፣ ደብተሬን ይዤ ቆሜ ነበር። አንተ ወጣህ። ኦሬስቴ ጎማ እየገፉ ይመጡ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት «እርስዎ» ስትላቸው የኖርክ ሰው በዚያን ቀን «አንተ» አልካቸው። ያልከውን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞተሬን ስትፈታ ኖረህ፣ በመጨረሻ እኔን ፈታኸኝ። ካንተ በቀር የሚያውቅ ማን አለ?» ሰው ሁሉ ሥራውን አቁሞ ነበር። ኡናይ እንኳ ከጎረቤት ጋራዥ ወጥቶ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል።

ኦሬስቴ ጎማውን አቆሙት። በትከሻህ ላይ አሻግረው አንድ ጊዜ አዩኝ፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ማን እንደተናገረ ያኔውኑ ገብቷቸዋል። ከዚያ የቡድኑን ጃኬት አወለቁ፣ አጣጥፈው የመፍቻ ሣጥኑ ላይ አኖሩት፣ በሹራብ ብቻ ወጥተው ሄዱ። ነፋስ ነበር።

እኔ ዝም አልኩ።

አንድ ነገር እንድታውቅልኝ እፈልጋለሁ። ለሐኪሙ በመናገሬ አልጸጸትም። ነገ ሲቪያ ላይ ባገኛቸው ደግሜ እናገራለሁ። ኡናይ አውስትራሊያ ላይ ሁለተኛ ወጣ፤ መድረኩ ላይ ቆሞ እንደ ሕፃን ሲስቅ ሳየው ለብቻዬ አለቀስኩ። በዚያ ኩርባ ላይ ሞቶ ቢሆን አንተ ከዚያ በኋላ ሰው ሆነህ አትኖርም ነበር፤ አውቅሃለሁ። የምጸጸተው ሃያ እርምጃ መራመድ ስላቃተኝ ነው። «እኔ ነኝ» ለማለት ሁለት ቃል ይበቃ ነበር።

ለምን እንዳልተናገርኩ ደጋግሜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ቁጣህን ፈርቼ አይደለም፤ ቁጣህን ለምጄዋለሁ። «እኔ ነኝ» ብልህ «አንቺ በምን አወቅሽ?» ትለኝ ነበር። ያን ጥያቄ ነው የፈራሁት። ደረጃ መፍራትህን ብዙ ሰው አይቶ ይሆናል። ራስህን ማዘንበልህንም ኤሎይ ሳይቀር አይቷል፤ በዚያ ቀልዷል። ሁለቱን አንድ ላይ ደምሮ ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ግን ቀድሞ የተነገረው ሰው መሆን ያስፈልጋል።

ለእኔ የነገሩኝ የቼዜና ሆስፒታል የነርቭ ሐኪሟ ናቸው። ዓይንን ወደ ታች የምታዞረው ቀጭን ነርቭ በውድቀቱ እንደተጎዳች፣ በስድስት ወር ልትመለስ እንደምትችል፣ ካልተመለሰች ግን በሽተኛው ራሱን ወደ አንድ ትከሻ እንደሚያዘነብል፣ ደረጃ ሲወርድ እንደሚፈራ፣ ወይን ሲቀዳ ከብርጭቆው ውጪ እንደሚያፈስ አስረዱኝ። «ቀጥ ብሎ ሲያይ ምንም አይታወቅበትም፤ ስለዚህ አጠገቡ ያለ ሰው ይከታተለው» አሉኝ። አጠገቡ ያለ ሰው። እኔም እሺ አልኳቸው። ይህ የሆነው በጥቅምት ሁለተኛ ሳምንት ነው፤ አንተ ገና ዓይንህን ሳትገልጥ።

የት ሆኜ እንደሰማሁት አትጠይቀኝ። ስንለያይ ያልኩህን አትረሳውም፤ «ወድቀህ የተኛህበት አልጋ አጠገብ ተቀምጬ የምጠብቅ ሴት አይደለሁም» ብዬህ ነው ሻንጣዬን ያነሳሁት። በሰው ፊት፣ በእናትህ ፊት ነው ያልኩት። ሰው ቃሉን ሲያፈርስ ያፍራል፤ እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ኩሩ ነኝ። ያን ሳምንት አልጋህ አጠገብ ኦሬስቴ ብቻቸውን እንደነበሩ ነግረውሃል። እንደዚያ እንዲነግሩህ የለመናቸው ሰው አለ። እሳቸው በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ ከቤታቸው ከሳንታርካንጄሎ እየነዱ በወረቀት የተጠቀለለ ፒያዲና ቂጣ ያመጡ ነበር። ሁለት ፒያዲና።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እቤታቸው ሄድኩ። ከግቢው በስተኋላ የጎረቤት ሣር ማጨጃ ፈትተው፣ ቡሎኖቹን በአሮጌ ሳህን ላይ ደርድረዋል። ከፖርቲማው ወዲህ ሁለት ቡድን ጠርቷቸው እምቢ ብለዋል። ስለ አንተ ከእናትህ እየጠየቁ ነው የሚሰሙት። ባለፈው ሳምንት እንዲያውም እናትህ እንጨት አልቆባቸው ኦሬስቴ ጭነው ወስደዋል፤ አንተ ተኝተህ እያለ አራግፈው ተመለሱ። ይህን አታውቅም ነበር፣ አይደል?

ልጽፍለት ነው አልኳቸው። መፍቻቸውን ሳያስቀምጡ፣

«ተይው ልጄ» አሉኝ። «እኔን ቢጠላ ሽማግሌ ነኝ፣ አንድ ቀን ይወጣለታል። አንቺን ከጠላ ግን ነገ ሲጨንቀው ማንን ሊጠራ ነው?»

እኔን ከጠራኝ ስንት ዘመኑ አልኳቸው። ሳቁ። ከዚያ ያሉኝን ሁሉ አልጽፍልህም፤ አንዷን ግን ከልቤ ላወጣት አልቻልኩም። «ያኔም ሊነቃ ሲል ነው የወጣሽው» አሉኝ። «ነርሷ በጠዋቱ ጣቱን አንቀሳቀሰ ስትል ኮትሽን አነሳሽ። ሊያይሽ ሲል መሸሽ ልማድሽ ነው።» ሳህኑን ገፋ አድርገው ቦታ ሰጡኝ፣ ተቀመጥኩ።  ማጨጃውን ገጥመው እስኪጨርሱ ቡሎን ሳቀብላቸው ዋልኩ። ከጥቅምት ወዲህ ሰው አጠገብ እንደዚያ ረዘም ላለ ጊዜ ተቀምጬ አላውቅም።

አሁን የምለምንህን ስማኝ። ሂድና ታረቃቸው። እንደ ድሮው «እርስዎ» በላቸው። ይቅርታ አይጠይቁህም፣ ይቅርታ እንድትጠይቃቸውም አይፈልጉም፤ ሄደህ የሆነ ነገር ተበላሽቶብኛል በላቸው፣ ይበቃቸዋል። የዓይንህ ቀዶ ጥገና በሚያዝያ እንደሆነና ገና እያመነታህ እንደሆነ ከሳቸው ሰምቻለሁ። አታመንታ። ያን ዕለት ከእሳቸው ጋር ሂድ። ከሆስፒታል ስትወጣ ዓይንህ ይሸፈናል፤ ደረጃው ደግሞ ብዙ ነው።

እኔን ልትቆጣ ትችላለህ። ቁጣህ የኔ ድርሻ ነው፣ ሌላ ሰው ላይ አታድርገው። ደብዳቤውን አንብበህ ስትጨርስ ብታቃጥለውም አልቀየምህም። ዝርዝሩን ለሌላ ሰው እንዲሰጡት ለአለቃዬ ነግሬዋለሁ። ለምን ሲለኝ ዘንድሮ መገመት አቃተኝ አልኩት። እውነቴን ነው። ሰው በጥር የሚያየው ነገር በመጋቢት ምን እንደሚሆን ከእንግዲህ አላውቅም።

ሰው ሲመርቅህ የዓይንህን ብርሃን ያብዛልህ ይልሃል። እኔ ግን አምላክ የምታየውን ሁሉ አንድ ያድርግልህ እላለሁ፤ አንድ መንገድ፣ አንድ ደረጃ፣ አንድ ፊት። ለእናትህ ዕድሜ ይስጥልህ። ቤትህ እሳት አይጣ። የምትረግጠው መሬት ይታመንልህ።

በአንድ ወቅት የቤትህ ሰው የነበርኩት

ሳልረሳው፦ ኦሬስቴ ቤት ስትሄድ የበሩ ደወል አይሠራም። ሰው ሁሉ የተበላሸውን ይዞ እሳቸው ዘንድ ይመጣል፤ የራሳቸውን ደወል ግን አልጠገኑትም። በእጅህ አንኳኳ፣ ጠንከር አድርገህ። ጆሯቸው ደከም ብሏል።